ለሰመመን ትምህርት ብዬ ከሜሪላንድ ወደ ቴነሲ

የሰመመን ነርስ ለመሆን መጀመሪያ ያመለከትኩት በፈረንጆቹ 2022 ነው። አራት ትምህርት ቤት ሞከርኩ። ሦስቱ ለቃለ መጠይቅ እንኳን አልጠሩኝም። አራተኛው ጠራኝ፣ ግን አላለፍኩም። ብዙ አለቀስኩ። አሁን ሳስበው ግን ከአራቱ አንዱ ቢቀበለኝ ኖሮ ዕዳው ለብዙ ዓመት ይከተለኝ ነበር። ሁሉንም የመረጥኩት ስማቸውን ስለሰማሁና ለቤቴ ስለሚቀርቡ ነበር። የአንዱ ክፍያ ብቻውን ከ200 ሺህ ዶላር ያልፋል።

ሲአርኤንኤ (የሰመመን ነርስ የሚጠራበት የእንግሊዝኛ ምህጻር ነው) ለመሆን ቢያንስ አንድ ዓመት አይሲዩ፣ ማለትም የጽኑ ሕሙማን ክፍል፣ መሥራት ያስፈልጋል። ከ2022 መጀመሪያ ወዲህ አዲስ የሚገባ ተማሪ ሁሉ የሚማረው በዶክትሬት ደረጃ ነው። ትምህርቱ ቢያንስ 36 ወር ይፈጃል። ክሊኒካል የሚባለው የሆስፒታል ልምምድ ከተጀመረ በኋላ ደግሞ ሥራ የሚባል ነገር አይታሰብም። ስለዚህ ዋጋው የትምህርት ቤቱ ክፍያ ብቻ አይደለም። የ36 ወር የቤት ኪራይ፣ ምግብ፣ ኢንሹራንስ፣ ለቤተሰብ የሚላከው ብር፣ ሁሉም ያለ ደመወዝ መሸፈን አለበት።

ይህን ያስረዱኝ በሆስፒታላችን የሚሠሩ አንድ ሐበሻ ሲአርኤንኤ ናቸው። አንድ ቀን ኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥ ተከትያቸው ዋልኩ። «ጋሼ፣ የትኛው ትምህርት ቤት ይሻላል?» አልኳቸው።

«የኔ ልጅ፣ ስንት ተማሪ እንደሚያስገቡ አትይ። ስንቱ ሳይጨርስ እንደሚወጣ እይ። ከመሃል አቋርጦ ዕዳ እንደመክፈል ያለ ውድ ነገር የለም» አሉኝ።

ለካ እውቅና ያለው ፕሮግራም ሁሉ ስንት ተማሪ እንዳቋረጠና ስንቱ የሙያ ማረጋገጫ ፈተናውን በመጀመሪያ ሙከራ እንዳለፈ ድረ ገጹ ላይ ማውጣት ግዴታው ነው። እኔ አንዴም አላየሁትም ነበር።

ያን ማታ ደብተር ከፈትኩ። ለእያንዳንዱ ትምህርት ቤት አንድ ገጽ ሰጠሁ። ክፍያውን፣ የከተማውን ኪራይ፣ ያቋረጡትንና ያለፉትን ጻፍኩ። ከሳምንት በኋላ ነገሩ ግልጽ ሆነልኝ። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ለግዛቱ ነዋሪ የሚያስከፍለው ከሌላ ግዛት ለመጣ ሰው ከሚያስከፍለው በጣም ያንሳል። ቴነሲ ውስጥ ፕሮግራሙ ያላቸው የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። ኪራዩ ሜሪላንድ ካለው ከሲልቨር ስፕሪንግ ጋር አይወዳደርም። ደመወዝ ላይም የግዛት ግብር የለም።

ግን ለትምህርት ብቻ የመጣ ሰው እንደ ነዋሪ አይቆጠርም። ስለዚህ በ2023 መጀመሪያ ላይ አይሲዩ ውስጥ ሥራ ይዤ ወደ ቴነሲ ሄድኩ። መንጃ ፈቃዴንና የነርስ ፈቃዴን ወዲያው አዞርኩ። የኪራይ ውሌን በጥንቃቄ አስቀመጥኩ። ሁለቱም ግዛቶች የነርሶች የጋራ ፈቃድ ስምምነት ውስጥ ስላሉ ሥራ ለመጀመር አልተቸገርኩም። ከጓደኞቼና ከቤተ ክርስቲያኔ መራቅ ግን ከብዶኝ ነበር። የመጀመሪያውን ፋሲካ ብቻዬን ነው የፈሰክሁት።

ያ ዓመት ሌላም ነገር ሰጠኝ። በወደቅኩበት ቃለ መጠይቅ ላይ «ኖርኤፒነፍሪን ስትጨምሪ በሽተኛው ሰውነት ውስጥ ምን ይሆናል?» ተብዬ ነበር። «ግፊቱ ከፍ ይላል» አልኩ። «ለምን?» ሲሉኝ ዝም አልኩ። መድኃኒቱን በየቀኑ እሰጣለሁ፣ የትኛውን ሪሴፕተር (መድኃኒቱን የሚቀበለውን የሕዋስ ክፍል) እንደሚነካ ግን አስረግጬ መናገር አልቻልኩም። ቴነሲ ከገባሁ በኋላ በየፈረቃው የያዝኩትን ድሪፕ (በደም ሥር የሚንጠባጠብ መድኃኒት) እና የቬንቲሌተር (የመተንፈሻ ማሽን) ቁጥር ሁሉ «ለምን?» እያልኩ መጠየቅ ጀመርኩ። ቤት ስገባ መልሱን አነባለሁ። የአይሲዩ ነርሶች የሚወስዱትን ሲሲአርኤን የሚባል ፈተና ያለፍኩት በዚህ ንባብ ነው። ዝቅተኛ ውጤት የነበረኝን ኬሚስትሪ ደግሞ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ በርካሽ ደገምኩት። በዚያው ዓመት መጨረሻ ቃለ መጠይቅ ስገባ ተመሳሳይ ጥያቄ መጣ። አልፋ አንድ ከሚባለው ሪሴፕተር ጀምሬ የደም ሥሩ እንዴት እንደሚጠብ፣ ልብ ላይም ምን እንደሚያደርግ ተናገርኩ። በ2024 ገባሁ።

ስለ ብድር አንድ ነገር ልናገር፣ ምክንያቱም ነገሩ ተለውጧል። ለድኅረ ምረቃ ተማሪ የፌዴራሉ መደበኛ ብድር በዓመት 20,500 ዶላር ነው። ቀሪውን ብዙዎች ግራድ ፕላስ በሚባለው ብድር ይሞሉ ነበር። በ2025 የወጣው ሕግ ግን ከጁላይ 1፣ 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪዎች ይህን በር ዘግቷል። አሁን የምታመለክቱ እህቶችና ወንድሞች፣ እባካችሁ ደብተሩን ከማመልከቻው በፊት ክፈቱ። ውትድርና ለማይከብደው ደግሞ የአሜሪካ ጦር ከቤይለር ዩኒቨርሲቲ ጋር የሚያስተምረው ፕሮግራም አለ። ክፍያ የለውም፣ ደመወዝም ይከፈላል። በኋላ ግን የአገልግሎት ግዴታ አለበት።

እኔን የረዳኝ እቁብ ነው። ሜሪላንድ እያለሁ የገባሁበትን ከቴነሲም ሆኜ መክፈል ቀጠልኩ። ዕጣዬ ቀድሞ ሲወጣ ቶሎ ብር ለሚያስፈልጋት ልጅ ለወጥኩላትና የመጨረሻውን ወሰድኩ። ትምህርት ሊጀመር ሲል ብሩ እጄ ገባ። የመጀመሪያውን ሴሚስተር ያለ ብድር ከፈልኩበት።

የቀረው እናቴን ማስረዳት ነበር። ደሴ ናት። «እማ፣ የምልክልሽን ለሦስት ዓመት በግማሽ ልቀንሰው ነው» አልኳት። «ልጄ፣ እኔ መች አነሰኝ አልኩሽ? አንቺ ብቻ በልተሽ እደሪ» አለችኝ። ግማሹን እስካሁን አንድም ወር ሳልዘል እየላክሁ ነው።