ለትንሿ ሞተሬ ካቴና ስመርጥ የደረስኩበት

የሞተር ጥገና ራሴን ማስተማር ከጀመርኩ ወዲህ ዘይቱን፣ ካንዴላውንና የፍሬን ሸራውን አልፌ አሁን ካቴና ላይ ደርሻለሁ። ሞተሬ ትንሽ ናት፣ 125 ሲሲ። ይህን የምጽፈው እንደኔ በትርፍ ሰዓቱ መፈታታት የሚወድ ሰው ካለ እንዲጠቀምበት ነው፤ ከኔ የተሻለ የምታውቁም እንድታርሙኝ። ካቴና መምረጥ ብዙ የሚያወዛግብ ነገር ይመስለኝ ነበር። ለካ አብዛኛውን ሞተሯ ራሷ ወስናዋለች። ለእኛ የሚቀረው አንድ ውሳኔ ብቻ ነው፤ እሱም የጎማ ቀለበት ያለውን ልግዛ ወይስ የሌለውን የሚለው።

መጀመሪያ ግን በእርግጥ መቀየር አለበት ወይ? ካቴና የሚረዝመው ብረቱ እንደ ላስቲክ ተስቦ አይደለም። በእያንዳንዱ ፒን (ሊንኮቹን የሚያያይዘው ዘንግ) እና ፒኑን ባቀፈው ቡሽ (ቱቦ) መካከል ያለው ብረት ትንሽ በትንሽ ይበላል፣ የዚያ ድምር ነው ርዝመት ሆኖ የሚታየው። 120 ሊንክ (የካቴናው አንድ አንድ ቁራጭ) ያለው ካቴና በየሊንኩ 0.1 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢበላ በድምሩ 12 ሚሊ ሜትር ረዘመ ማለት ነው። አለካኩ ቀላል ነው። ካቴናውን ወጠር አድርጉና ከአንዱ ፒን መሃል እስከ 21ኛው ፒን መሃል ለኩ፤ ይህ 20 ሊንክ ነው። ካቴናው 428 ከሆነ አዲሱ 254 ሚሊ ሜትር ነው። 259 ከደረሰ 2 በመቶ ገደማ ረዝሟል፣ በቃው። እኩል ስለማይበላ ሁለት ሦስት ቦታ ላይ ለኩት። ጎማውን በእጅ ስታሽከረክሩ አንድ ቦታ ላይ ጠበቅ፣ ሌላ ቦታ ላይ ላላ የሚል ከሆነም ያው ምልክት ነው። መለኪያ በእጁ የሌለ ሰው ደግሞ ካቴናውን ከኋላው ስፕሮኬት (ካቴናው የሚዞርበት ባለ ጥርስ ክብ ብረት) ጫፍ ላይ ይዞ ወደ ኋላ ይሳበው። ተነስቶ የጥርሱ ግማሽ ከታየ ብዙ አያከራክርም።

ወደ ቁጥሩ ልምጣ። የካቴናው መጠን ቁጥር ጎኑ ላይ፣ ላሜራው (ጠፍጣፋው የጎን ብረት) ላይ ተመትቶ ታገኙታላችሁ፤ ቆሻሻውን ጠረግ ማድረግ ነው። 428 ካለ፣ መጀመሪያ ያለው 4 ከፒን እስከ ፒን ያለውን ርቀት በኢንች ስምንተኛ ይነግራችኋል። 4/8 ማለት ግማሽ ኢንች ነው፣ 12.7 ሚሊ ሜትር። በ5 የሚጀምሩት፣ እነ 520 እና 525፣ 15.875 ሚሊ ሜትር ናቸው፣ በብዛት ከፍ ያሉ ሞተሮች ላይ ነው የሚገኙት። ቀጥለው ያሉት ሁለት ቁጥሮች የውስጡን ስፋት ይናገራሉ። የ420 ስፋት 6.35 ሚሊ ሜትር ነው፣ የ428 ደግሞ 7.94 ገደማ።

እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። 420 እና 428 የፒን ርቀታቸው አንድ ስለሆነ "ችግር የለውም፣ ይገባል" የሚል ሰው አይጠፋም። 428ቱን በ420 ስፕሮኬት ላይ ብታደርጉት እውነትም ይገባል፤ ግን ወዲህ ወዲያ ይላል፣ ሮለሩም (ቡሹ ላይ የሚሽከረከረው ቀለበት) ወፈር ስለሚል ጥርሱ ሥር ልክ አይቀመጥም። 420 ካቴና ደግሞ የ428 ጥርስ ላይ ጭራሽ አይገባም። ሁለቱንም ስፕሮኬት አብሮ ቀይሮ ከአንዱ ወደ ሌላው መሸጋገር ይቻላል፣ ለተራ መንገድ ግን ምን እንደሚጠቅም አልታየኝም።

ከቁጥሩ ቀጥሎ "ኤች" የሚል ፊደል ካለ የጎን ላሜራው ወፈር ያለ ነው ማለት ነው። ጥሩ ነው፣ ግን ብዙ ሰው ጥንካሬና ዕድሜ አንድ ይመስለዋል። ሣጥኑ ላይ የሚጻፈው የመበጠሻ ጉልበት 125 ሲሲ ሞተር ከምታወጣው እጅግ የበለጠ ነው። ትንሽ ሞተር ላይ ካቴና የሚሞተው ተበጥሶ ሳይሆን ተበልቶ ነው። ስለዚህ እኔ የምጠይቀው "ስንት ኪሎ ይችላል" ብዬ ሳይሆን "ፒኑና ቡሹ መሃል ቅባት እንዴት ይቆያል" ብዬ ነው።

የሊንክ ቁጥር፦ የውጭ ላሜራ ያላቸውን ብቻ ቁጠሩና በሁለት አባዙ፣ ሁለቱን ጫፍ የሚያገናኘውን መጋጠሚያም አትርሱ። ድምሩ ሁሌም ሙሉ ቁጥር ነው፣ ጎዶሎ አይሆንም። ልኩ ካልተገኘ ረዘም ያለውን ገዝቶ ማሳጠር ይቻላል፤ በቁራጭ ማስረዘምን ግን አልመክርም። ከናንተ በፊት የነበረው ባለቤት የስፕሮኬቱን ጥርስ ብዛት ቀይሮ ከሆነ ደግሞ የሞተሯ መመሪያ ላይ ያለው ቁጥር ላይሠራ ስለሚችል ከቆጠራችሁት ጋር አስተያዩ።

አሁን ወደ ዋናው። ፒን፣ ቡሽና ሮለር ያለውን ካቴና ሀንስ ሬኖልድ የሚባል ስዊዘርላንድ ተወልዶ እንግሊዝ አገር ማንችስተር የሠራ መሐንዲስ በ1880 እ.ኤ.አ. ነው ያወጣው፤ መሠረቱ እስከ ዛሬ ያው ነው። ትልቁ ጭማሪ በውስጥና በውጭ ላሜራ መካከል የገባችው የጎማ ቀለበት ናት። ኦሪንግ ይሏታል። ፋብሪካው ፒኑና ቡሹ መካከል የሞላውን ግራሶ እንዳይወጣ ትይዘዋለች፣ አቧራና ውሃም አታስገባም። ኤክስሪንግ የሚባለውም ሥራው ያው ነው፤ ቅርጹ ላሜራውን በቀጭን ከንፈር ስለሚነካ ግጭቱ ይቀንሳል።

ታዲያ ሁሉም ሰው ኦሪንግ ይግዛ? አይ። አንደኛ ውድ ነው። ሁለተኛ ወደ ጎን ሰፋ ይላል፣ ስለዚህ በፊተኛው ስፕሮኬት አካባቢ ከሞተሩ ገላና ከሽፋኑ ጋር እንዳይፋተግ ቀድሞ ማየት ያስፈልጋል። ሦስተኛ አዲስ ሲሆን ደረቅ ይላል፤ 50 ሲሲ ላይ ይህች ትንሽ ግጭት ራሷ ልትታወቅ ትችላለች። ካቴናዋ ዙሪያውን በላሜራ ሽፋን የተዘጋ ሞተር ያለው ሰው ደግሞ አቧራው ስለማይደርስበት ተራውን ጥሩ 428 ኤች ገዝቶ በየጊዜው ቢቀባ ይበቃዋል ባይ ነኝ።

የኔዋ ካቴና ክፍት ናት፣ ጭቃም አቧራም ያገኛታል። እኔ ደግሞ ዘይት መቀባት ላይ ሰነፍ ነኝ፣ ራሴን አውቃለሁ። ስለዚህ ኦሪንግ መረጥኩ። ኦሪንግ ስለሆነ አይቀባም ማለት ግን አይደለም፤ ሮለሩ ከጥርሱ ጋር የሚገናኘው በውጭ ነው፣ ላሜራውም ይዝጋል። በቤንዚንና በሽቦ ብሩሽ ማጠብ ክልክል ነው፣ የጎማ ቀለበቱን ይጎዳዋል። በግፊት የሚረጭ ውሃም ከቅርብ አታስጠጉበት። እኔ በነጭ ጋዝና በለስላሳ ብሩሽ አጥቤ፣ በጨርቅ አድርቄ፣ የካምቢዮ ዘይት በውስጠኛው ጎን አንጠባጥባለሁ። ሞተር ጠፍቶ፣ ጎማ በእጅ እየዞረ! ሞተር አስነስቶ ማርሽ አስገብቶ የሚቀባ ሰው አይቻለሁ። ጣት የሚሄደው እንደዚህ ነው።

ስፕሮኬቶቹንም አብሬ ገዛሁ። የተበላ ጥርስ አዲሱን ካቴና ቶሎ ይበላዋል፣ ተቃራኒውም እንደዚያው። የፊቱ 15 ጥርስ፣ የኋላው 45 ከሆነ ትንሹ ሦስት ጊዜ ሲዞር ትልቁ አንዴ ነው የሚዞረው፣ ለዚህ ነው የፊቱ ቀድሞ የሚሾለው። የፊቱን ብቻ ቀይሮ ማለፍ የሚያጓጓ ነገር ነው፣ ግን ቁጠባ አይመስለኝም።

መጋጠሚያው በክሊፕ የሚዘጋ ነው፣ ለእንዲህ ያለች ሞተር ይበቃል። የክሊፑ የተዘጋ ጫፍ ካቴናው ወደሚሄድበት አቅጣጫ ይዙር፣ የመጋጠሚያው አራት ትንንሽ የጎማ ቀለበቶችም ሳይረሱ ይግቡ። የድሮውን ክሊፕ መልሳችሁ አትጠቀሙ። ካቴናው ወደ ላይና ወደ ታች የሚላላበት መጠን በኔ ሞተር መመሪያ ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ነው፣ የሚለካውም በታችኛው በኩል መሃል ላይ። የናንተን ከመመሪያችሁ እዩ፤ ብዙ ጊዜ የኋላው ሹካ ላይም ተለጥፎ ይገኛል። ከመጠን በላይ ማጥበቅ ከማላላት ይብሳል፣ የካምቢዮውንና የጎማውን ኩሽኔታ (ቤሪንግ) ይጨርሳል።

አዲሱን ከመግጠሜ በፊት 20 ሊንኩን ለክቼ ጽፌዋለሁ፣ ዘይት በቀየርኩ ቁጥር እየለካሁ አስተያየዋለሁ። በትንሽ ሞተር ላይ ኤክስሪንግ የሞከራችሁ ካላችሁ፣ በተለይ ክፍት ካቴና ያላችሁ፣ ልኬታችሁን ብታጋሩኝ ደስ ይለኛል።