በሁዳዴ በረዶ ፍለጋ

ዱባይ ረመዳን ሲገባ የምሠራበት ሆቴል ጭር ይላል። ፈቃድ ለመጠየቅ ከዚያ የተሻለ ጊዜ የለም። አምና በመጋቢት መጀመሪያ ስድስት ቀን አገኘሁና ከኬንያዊት ባልደረባዬ ጋር ወደ ጆርጂያ በረርን። ስኖውቦርድ ልንንሸራተት ነው፤ ሁለቱም እግር አንድ ሰሌዳ ላይ ታስሮ በበረዶ ቁልቁለት መውረድ። ለእማዬ በስልክ ስነግራት፣ «በጾም ሸርታቴ? እግርሽን ብትሰበሪ ማን ያነሳሻል?» አለች።

እኔ የለመድኩት ስኪ ዱባይ ነው፤ የገበያ ማዕከል ውስጥ። ረጅሙ ቁልቁለት 400 ሜትር ነው፤ ገና ስትጀምሩት ያልቃል። በረዶውም የተደለደለ፣ የተጠቀጠቀ ነው። ያማረኝ ፓውደሩ ነበር፤ አዲስ የወረደ፣ ማንም ያልረገጠው ልስልስ በረዶ። እኛ ደግሞ ከሰማይ የሚወርደውንም ከፍሪጅ የሚወጣውንም «በረዶ» ብለን ነው የምንገላገለው። ለእማዬ ልዩነቱን ማስረዳት ሲያቅተኝ «የተነፋ የጤፍ ዱቄት አስቢ» አልኳት።

«እና ዱቄት ላይ ልትንከባለይ ነው?»

አዎ፣ እሱን ነው።

የሄድንበት የበረዶ ሸርታቴ መንደር ጉዳውሪ፣ ከዋና ከተማው ከትብሊሲ በስተሰሜን 120 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። መንገዱ ወደ ሩሲያ ድንበር ስለሚያልፍ ከባድ መኪና በከባድ መኪና ነው። መንደሩ ያለው 2,200 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ነው፤ ለአዲስ አበባ ልጅ ቤቷ ማለት ነው። የሞምባሳዋ ባልደረባዬ ግን ደረጃ በወጣች ቁጥር ትቆም ነበር።

ሰው የሚጎርፈው በጥርና በየካቲት ነው። በመጋቢት ሰልፍ የለም፣ ክፍልም ይረክሳል። ግን አብዛኛው ቁልቁለት ወደ ደቡብ የዞረ ስለሆነ ፀሐይ አይምረውም። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት በረዶው ጠዋት መስታወት፣ ከሰዓት በኋላ ገንፎ ነበር። በልቤ ብሩን አሰላሁ።

በሦስተኛው ቀን በረዶ መጣል ጀመረ። ከመንደሩ በላይ ያለው የተራራ መንገድ ተዘጋ። ሰው ወደ ላይ የሚያወጡት የገመድ ወንበሮችም ቆሙ፤ ንፋሱና የበረዶ ናዳው ስጋት አያስቀምጥም። ጉዳውሪ ቁልቁለቱ ላይ ዛፍ የለውም፤ ደመና ሲወርድ መሬቱና ሰማዩ አንድ ይሆናሉ። ቀኑን ሙሉ አንዲት ትንሽ ምግብ ቤት ውስጥ ተቀመጥን። ሥጋ እንደማልበላ ስነግራት አስተናጋጇ «ሳማርኽቮ?» አለችኝ። የጾም ማለት ነው ለካ! እነሱም ኦርቶዶክስ ናቸው፤ እነሱም ዐቢይ ጾም ላይ ነበሩ። ሎቢያኒ አመጣችልኝ፤ ባቄላ መሰል ቀይ አደንጓሬ በሆዱ የያዘ ትኩስ ዳቦ ነው። ሁለት በላሁ። በስደት ስኖር እንዲህ ሳልለማመጥ የጾም ምግብ በልቼ አላውቅም።

በአራተኛው ቀን ሰማዩ ጠራ። ሐሙስ ስለነበር ወንበሩ ጋ የቆምነው አሥር ብንሆን ነው። በምልክት ከተከለለው መንገድ ውጭ አልወጣንም፤ ያለ መሪና ያለ ናዳ መፈለጊያ መሣሪያ እዚያ መግባት ሞኝነት ነው። የመንገዱ ዳር ራሱ ጉልበት ይውጥ ነበር። እንደ ዱባዩ ወደ ፊት ተደገፍኩ። የቦርዱ አፍንጫ ጠለቀና በግንባሬ ተተከልኩ። አላመመኝም፤ ጆሮዬ ብቻ ሞላ። በአጠገቤ ያለፉ አንድ ሽማግሌ ቋንቋ ባይገጥመን የኋላ እግራቸውን ጭን መታ መታ አድርገው አሳዩኝ።

ክብደቴን ወደ ኋላ አደረግኩ። አፍንጫው ተነሣ። ከዚያ ድምፁ ጠፋ። ዱባይ ላይ ቦርዱ ሲፍቅ ይሰማል፤ እዚህ ምንም የለም፣ የራሴ ትንፋሽ ብቻ። ሜዳው ጋ ስደርስ ፍጥነቴ አለቀና እስከ ወገቤ ሰመጥኩ። ለመውጣት ሩብ ሰዓት ቆፈርኩ፣ እየሳቅኩ። አምስት ሰዓት ሲሆን ሁሉም ተረግጦ ነበር።

ማታ ባልደረባዬ የቀረጸችውን ቪዲዮ ለእማዬ ላክሁላት። ወዲያው ደወለች።

«ያቺ በግንባሯ የተተከለችው አንቺ ነሽ?»

«አይ፣ ጓደኛዬ ናት» አልኳት።