ባትና የተረከዝ ጅማት፦ እስካሁን የደረስኩበት

ባቴ ሰሞኑን ተሽሎታል። ጠዋት ከአልጋ ስነሳ የተረከዜ ጅማት አሁንም ይይዘኛል፤ ግን ትንሽ ወዲያ ወዲህ ስል ይለቀኛል። ጃን ሜዳ ላይ ቀስ እያልኩ መሮጥ ጀምሬያለሁ። እንጦጦን ግን ገና አልደፈርኩትም። ዳገት ላይ ቁርጭምጭሚት ይበልጥ ስለሚታጠፍ ባትና ጅማቱ ላይ ጫናው ይበረታል።

ካነበብኩትና ፊዚዮቴራፒስቷ ካሳየችኝ ሁሉ በጣም የጠቀመኝ ይሄ ነው፦ ባት አንድ ጡንቻ አይደለም። ከላይ ጎላ ብሎ የሚታየው ባለ ሁለት ራሱ ጋስትሮክኒሚየስ ይባላል። የሚነሳው ከጉልበት በላይ፣ ከጭን አጥንት ነው። ከሥሩ ሶሊየስ አለ፤ እሱ የሚነሳው ከጉልበት በታች ነው። ታች ተገናኝተው አኪለስ በሚባለው ጅማት ተረከዝ አጥንት ላይ ይያያዛሉ። ስለዚህ ጉልበት ሲታጠፍ የላይኛው ይላላና ሥራው ወደ ሶሊየስ ያደላል።

አሁኑኑ ሞክሩት። ግድግዳ ተደግፋችሁ አንድ እግር ወደ ኋላ አድርጉ፤ ጉልበት ቀጥ፣ ተረከዝ መሬት። የሚወጠረው ላይኛው ባት ነው። ከዚያ ተረከዙን ሳታነሱ ጉልበቱን እጠፉት። ውጥረቱ ወደ ታች ይወርዳል። አብዛኞቻችን ከሩጫ በኋላ የምናፍታታው የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

ጉዳታቸውም ይለያያል። የላይኛው ሲቀደድ ድንገት ነው፤ ከኋላ ሰው በድንጋይ የመታችሁ ነው የሚመስላችሁ። ሶሊየስ ግን ቀስ በቀስ ግትር ይላል፣ ከውስጥ ይከብዳል። ሯጭ ደግሞ «ድካም ነው» ብሎ ያልፈዋል። አዲስ የተቀደደ ባትን አጥብቆ ማሸት ውስጥ ለውስጥ መድማቱን ያባብሳል፤ ወጌሻ ጋ የምትሄዱ እዚህ ላይ ጠንቀቅ በሉ።

የምሠራው እንቅስቃሴ ስዊድናዊው ሐኪም ሆካን አልፍሬድሰንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1998 ያሳተሙት ነው። ደረጃ ጫፍ ላይ በእግር ጣት ትቆማላችሁ። በደህናው እግር ትነሳላችሁ፤ በታመመው ብቻ ተረከዛችሁን ከደረጃው በታች ቀስ አድርጋችሁ ታወርዳላችሁ። ጉልበት ቀጥ ብሎ 15 ጊዜ በ3 ዙር፣ ታጥፎም እንደዚያው። ጠዋትና ማታ፣ ለ12 ሳምንት። በቀን 180 መሆኑ ነው! አሰልቺ ነው፣ አልዋሽም። መስቀል አደባባይ ደረጃ ላይ ስሠራው ሰው ምን ጠፋበት ብሎ ያየኛል። ሲቀል ጀርባ ላይ ቦርሳ አዝሎ ክብደት መጨመር ነው። ሕመሙ እዚያው ተረከዝ አጥንቱ ላይ ከሆነ ግን ከደረጃው በታች አትውረዱ፤ ደልዳላ መሬት ላይ ሥሩት።

ጅማት ዝም ብሎ ሲተኛ አይጠነክርም፤ ልኩን የጠበቀ ጫና ይፈልጋል። በሩጫ ላይ የሚሸከመው የሰውነትን ክብደት ከ6 እጥፍ በላይ ነው። ይህን ስል ግን «ኃይሌ እያመመው ሮጦ አሸንፏል» የሚሉኝ አሉ። እውነት ነው፤ ሲድኒ 2000 ላይ የተረከዝ ጅማቱ እያመመው 10,000 ሜትሩን ፖል ቴርጋትን በ0.09 ሰከንድ ቀድሞ ወሰደ። ከዚያ በኋላ ግን ቀዶ ሕክምና ተደርጎለታል። ያ የኦሎምፒክ ፍጻሜ ነበር፤ የእኛ የቅዳሜ ሩጫ ነው።

አንዳንዱ ጉዳት ደግሞ በደረጃው እንቅስቃሴ የሚፈታ አይደለም። ጅማቱ «ጧ» ብሎ ከጮኸ በሆዳችሁ ተኙና ሰው ባታችሁን ይጨምቀው። የእግራችሁ መዳፍ ካልተንቀሳቀሰ ጅማቱ ተበጥሶ ሊሆን ይችላል፤ ቀጥታ ሐኪም ቤት። ከረጅም ጉዞ በኋላ አንዱ ባት ብቻ ካበጠና ከሞቀም እንደዚያው፤ የደም መርጋት ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ ጂም ገብቼ ተቀምጦ ተረከዝ ማንሳቱን ልጀምር ነው፤ ጉልበት ስለታጠፈ ሶሊየስን ለብቻው ያገኘዋል ይላሉ። የሠራችሁት ካላችሁ በስንት ኪሎ እንደጀመራችሁ ንገሩኝ።