የደብተር ቦርሳና የሊስትሮ ሳጥን

ለንደን ውስጥ በአንዲት አነስተኛ ሱቅ በሒሳብ ተቀባይነት ስሠራ ስድስት ዓመት ሞላኝ። በሩ ላይ ተማሪዎች ከሁለት በላይ ሆነው እንዳይገቡ የሚከለክል ወረቀት ተለጥፏል፤ ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ላይ ትምህርት ቤት ሲለቀቅ እነሱን የምቆጥረው እኔ ነኝ። ይሁን እንጂ ከፍለው የሚማሩት፣ ኮትና ከረባት ያደረጉት ልጆች አምስትም ሆነው ቢገቡ አሠሪዬ ምንም አይለኝም፤ ከማዘጋጃ ቤት ኪራይ ቤቶች የሚመጡት ሲገቡ ግን እግር በእግር እንድከተላቸው በዓይኑ ይጠቅሰኛል። ስርቆቱ እውነት ነው፤ በትንሽ ትርፍ የሚተዳደር ባለሱቅም ይጎዳል። በእንግሊዝ 10 ዓመት የሞላው ልጅ በወንጀል ስለሚጠየቅ፣ አንድ ቸኮሌት እንኳ ፖሊስ ሊያስጠራ ይችላል። በየትኛው ልጅ ላይ እንደሚጠራ ግን ዩኒፎርሙን አይቼ መገመት አያቅተኝም።

ይህን ባየሁ ቁጥር ሐሳቤ ጅማ፣ ሄርማታ ይሄዳል። በልጅነቴ የሰፈራችን ሱቅ ዕቃ ሁሉ ከባንኮኒው ጀርባ ስለሚደረደር፣ የልጅ እጅ የሚደርሰው የከረሜላው ብልቃጥ ጋ ብቻ ነበር። አባቴ የመንግሥት ሠራተኛ በመሆኑ ስማችን በዱቤ መዝገቡ ላይ ሰፍሯል። አንድ ሐሙስ፣ ሱቁ በገበያተኛ ተጨናንቆ ሳለ፣ ባለሱቁ ስኳር ሲመዝኑ ጠብቄ ሦስት ደስታ ከረሜላ ደብተር ቦርሳዬ ውስጥ ከተትሁ። 11 ዓመቴ ነበር፤ የአገራችን የወንጀል ሕግ ነፃ የሚያደርገው ደግሞ 9 ዓመት ያልሞላውን ልጅ ነው።

ባለሱቁ ብልቃጡ ተከፍቶ ሲያዩት እኔን አልጠየቁም። አጠገቤ የቆመውን፣ ከገጠር የመጣ ሊስትሮ በጆሮው ይዘው ሳጥኑን አስገለበጡት። የቀለሙ ቆርቆሮ ሲሚንቶው ላይ ተንከባለለ። «እኔ አይደለሁም ጋሼ፣ በአላህ!» እያለ ብሩሾቹን ሲለቅም፣ ቀና ብሎ ቦርሳዬን አየ። ዝም አልሁ። ባለሱቁም ወደ እኔ ዞረው «አንተስ ምን ልስጥህ የኔ ልጅ?» አሉኝ።

ባለፈው ጥር ጅማ ስመለስ ሱቁ ሚኒ ማርኬት ሆኖ አገኘሁት። በሩ ላይ የቆመችው ወጣት በእግራቸው የመጡትን ተማሪዎች ቦርሳ እየተቀበለች ታስቀምጣለች፤ ከመኪና የወረዱትን ሁለት ልጆች ግን ፈገግ ብላ ከነቦርሳቸው አሳለፈቻቸው። ስለ ባለሱቁ ጠየቅኋት፤ ማረፋቸውን ነገረችኝ። ስለ ሊስትሮው ልጠይቃት አፌን ከፍቼ ነበር፤ ስሙን ግን አላውቀውም።