ኮምባይንድ ማሽን ስትተክሉ ቡሎን ማሰሩን የመጨረሻ አድርጉት

ይህን የምጽፈው ማሽን ለመግዛት ብር እያጠራቀማችሁ ላላችሁ የባሕር ዳር አናጢዎች ነው። ለእኔ ማንም አልነገረኝም።

የእኔው መላጊያ፣ ውፍረት ማውጫ፣ መጋዝና መቦርቦሪያ በአንድ ላይ የያዘ ነው። ማስጫኑ፣ ማውረዱ፣ ስሪ ፌዝ (ባለ ሦስት መስመር መብራት) ማስገባቱ ያው የምታውቁት ነው፤ ገንዘብና ትዕግሥት ይበላል እንጂ ያልቃል። ሞተሩ ወደ ኋላ ከዞረ አትደንግጡ። ኤሌክትሪሻኑ መብራቱን አጥፍቶ ከሦስቱ ፌዞች ሁለቱን ያቀያይራል፣ በቃ።

የፈጀኝ ተከላው ነው።

ሻጩ የላከው ቴክኒሻን ሲመጣም ቸኩሎ ነበር። ማሽኑን አሳረፈ፣ ወለሉን በድሪል በሳ፣ አራቱንም እግር በቡሎን ጥርቅም አድርጎ አሰረ። ውሃ ልክ የሚባል ነገር ከሣጥኑ አላወጣም። የእኔ ወለል ደግሞ ዋልካ አፈር ላይ የተለሰነ ነው። ዋልካ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ ሲሚንቶውንም ይዞት ይሄዳል። «ወለሉ እኮ ልክ አይደለም» አልኩት። «ጋሼ፣ ፋብሪካ ያስተካከለውን እኛ ምን እንነካለን?» ብሎ አስፈርሞኝ ሄደ። ፋብሪካው አባይ በረሃን በጭነት መኪና ወርዶ አልወጣም፤ ማሽኑ ግን ወርዶ ወጥቷል።

የመጀመሪያውን ዋንዛ ላግኩ። ፊቱ ሲያዩት ያምራል። ጠፍጣፋ ነገር ላይ ሳስቀምጠው ግን በሁለት ተቃራኒ ማዕዘኑ ቆሞ ይንገጫገጫል። ደወልኩ። «ቢላዋው ነው» አለ። ቢላዋውን ፈትቼ አስተካከልኩ፣ ያው ነው። መልሼ ደወልኩ። «እንግዲህ እንጨትዎ እርጥብ ነው» አይለኝም! ከርሞ የደረቀ ዋንዛ ነው እኮ የምልህ ብለው ስልኩን ዘጋው። ለተከላ የወሰደው ብር እስካሁን ያንገበግበኛል።

ነገሩን የፈታው ጎረቤቴ፣ የብረት በር የሚሠራው ልጅ ነው። የመላጊያውን ሁለት ጠረጴዛዎች፣ እንጨት የሚገባበትንና የሚወጣበትን፣ ከፍታቸውን እኩል አደረግንና ሁለት ክር ከማዕዘን ማዕዘን አጣምረን ወጠርን። ጠረጴዛው ጠፍጣፋ ቢሆን ክሮቹ መሃል ላይ በስሱ ይነካካሉ። የእኛዎቹ መሃል ካርቶን ያሳልፋል። ልጁ ምንም ሳይናገር የኋለኛውን ቡሎን ሲያላላው እግሩ ከወለሉ ብድግ አለ። ለካ ያ ሁሉ ብረት በአንድ ቡሎን ተጎትቶ ተጣምሞ ኖሯል። ክፍተቱ ውስጥ ላሜራ እየቆረጥን ከተትን፣ ክሮቹ ተነካኩ።

መመሪያው መጀመሪያ እሰሩ፣ ቀጥሎ አስተካክሉ ይላል። እኔ የምለው ተቃራኒውን ነው። ውሃ ልክ፣ ክር፣ ላሜራ፣ ከዚያ ቡሎን። ካሰራችሁ በኋላ ክሩን መልሳችሁ እዩ። ማሽኑን ሳታስሩ ግን ሞተሩን አታስነሱ።

ከዚያ በኋላ ነው ወደ ቢላዋ የሚኬደው። ማውጫው ጠረጴዛ፣ ማለትም የተላገው ጣውላ የሚወጣበት፣ ከቢላዋው ጫፍ ጋር እኩል ካልሆነ ልፋት ነው፤ ዝቅ ካለ የጣውላውን መጨረሻ ይቆረጥመዋል፣ ከፍ ካለ ጣውላው ሲወጣ ይጋጫል። መብራቱን ከዋናው አጥፉና ቀጥ ያለ እንጨት ማውጫው ላይ አስተኝታችሁ በእርሳስ ምልክት አድርጉበት። ቢላዋዎቹ የታሰሩበትን ዘንግ ቀስ ብላችሁ በእጅ አዙሩ፣ ቢላዋው እንጨቱን ነክቶ ትንሽ ይዞት ይሄዳል። ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ከሄደ ጥሩ ነው። ዋናው ነገር ሁሉም ቢላዋ፣ በግራም በቀኝም ጫፍ፣ እኩል መውሰዱ ነው። የቢላዋው ቡሎን ሲጠብቅ ቢላዋው ሊንቀሳቀስ ስለሚችል ካጠበቃችሁ በኋላ ድገሙት። ከፋብሪካ የሚመጣው የቢላዋ መለኪያ ለእኔ መሳቢያ ማሞቂያ ነው።

የመጋዙን ከለላ፣ እንጨቱ ተደግፎ የሚገፋበትን፣ በስኳድራ ማየት የደቂቃዎች ሥራ ነው፣ አልዘበዝባችሁም።

ደግሞ ቴክኒሻን ፈርሙ ሲላችሁ መጀመሪያ ጣውላ አስልጉት። ከተንገጫገጨ እስክሪብቶውን መልሱለት። መስከረም ሲጠባም ክሩን አውጡ፤ እኔ ዘንድሮ አንዱ ላሜራ ላልቶ አግኝቼዋለሁ።