ሴንተሩ ቡፌ ውስጥ

ጋሼ አምፕሊፋየሩን፣ ማለትም የድምፅ ማጉያውን፣ የገዙት ፊልም ሲያዩ ንግግሩ ጥርት ብሎ እንዲሰማቸው ነው። እኔ ያኔ ይህን አልጠየቅኳቸውም። አለቃዬ ሸጠላቸው፣ እኔ ሄጄ ገጠምኩ።

ባለ ሁለት ቻናል አምፕ ነው። ድምፁን ለየስፒከሩ ከሚያከፋፍለው ሪሲቨር፣ ፕሪ አውት ከሚባለው መውጫ ወደ አምፑ፣ ከአምፑ ወደ ግራና ቀኝ ስፒከር። የመሃሉ ስፒከር፣ ሴንተሩ፣ እዚያው ሪሲቨሩ ላይ ቀረ። ሙዚቃ ስከፍት ሳሎኑ ሞላ። ጋሼ መርቀው ሸኙኝ።

በሦስተኛው ቀን ደወሉ። «ልጄ፣ ጭራሽ ባሰበት እኮ! ሙዚቃው ይጮኻል፣ ሰዎቹ ሲያወሩ ግን አልሰማም።»

ለአለቃዬ ነገርኩት። «ኬብሉ ነው። ወፈር ያለውን ይዘህ ሂድና ሽጥላቸው» አለኝ።

ኬብሉን ይዤ ወጣሁ። ታክሲ ውስጥ ሆኜ ሳስበው ክው አልኩ። ከገጠምኩ በኋላ የየስፒከሩን ድምፅ በሪሲቨሩ ማይክ እንደገና አለካሁም! የውጭ አምፕ ጌይኑ፣ ማለትም ድምፁን የሚያጎላበት መጠን፣ ከሪሲቨሩ የውስጥ አምፕ ጋር እኩል ላይሆን ይችላል። የእሳቸው ከፍ ይላል። ግራና ቀኙ ጮኸ፣ ሴንተሩ ባለበት ቀረ። የፊልም ንግግር ደግሞ በአብዛኛው የሚወጣው ከሴንተሩ ነው።

ማይኩን ሶፋው ጋ በጆሯቸው ከፍታ አቆምኩና ለካሁ። ሪሲቨሩ ግራና ቀኙን 4 ዴሲቤል ዝቅ አደረጋቸው፤ ዴሲቤል የድምፅ ከፍታ መለኪያ ነው። ፊልም ከፈትን። ጋሼ ትንሽ አዳመጡና ወደ እኔ ዞሩ።

«አሁን እንደ ድሮው ሆነ።»

«አዎ ጋሼ።»

«ታዲያ ያን ሁሉ ብር ያወጣሁት እንደ ድሮው እንዲሆን ነው?»

ይህች ጥያቄ እስከ ዛሬ ትከነክነኛለች። እውነቱን ነገርኳቸው። የአምፕ ጉልበት ከ100 ዋት ወደ 200 ሲያድግ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ጆሯችን «እጥፍ ጮኸ» እንዲል ወደ 10 ዴሲቤል ይፈልጋል። እሳቸው ደግሞ ቀስ አድርገው ነው የሚያዳምጡት፣ ስፒከሮቹ ጥቂት ዋት ይበቃቸዋል። አምፕ የሚያስፈልገው ስፒከሩ 4 ኦም፣ ማለትም ብዙ ኤሌክትሪክ የሚስብ፣ ሆኖ ሪሲቨሩን ሲያስጨንቀው፣ ወይም በሰፊ ሳሎን ድምፁ በጣም ከፍ ሲል ነው። ዝም ብለው ሰሙኝ። ዝምታቸው ከቁጣ ይከብዳል።

ዓይኔ ሴንተሩ ላይ ያረፈው ያኔ ነው። መጀመሪያ ቀንም አይቼው ነበር፤ ገመዱን ስለማልነካው አለፍኩት። ቡፌው ውስጥ ወደ ኋላ ተገፍቷል፣ ፊቱ ላይ ዳንቴል ወርዶበታል። እንዲህ የተቀበረ ስፒከር ወፍራሙ ድምፅ ይበዛበታል። «ስ» እና «ት»ን የሚያጠራው ቀጭኑ ድምፅ ደግሞ ይታፈናል።

«እትዬ፣ ዳንቴሉን ላንሳው?» አልኳቸው ባለቤታቸውን።

«አንሳው ልጄ። እኔስ መታጠቢያው ደርሷል ስል ነበር።»

ስፒከሩን እስከ ቡፌው ጠርዝ ሳብኩት። ከሥሩ ጎማ አስገብቼ ፊቱን ወደ ሶፋው ቀና አደረግኩት። እንደገና ለካሁ። ፊልሙን ከዚያው ቦታ መልሰን ከፈትን።

ጋሼ ምንም አላሉም። ሪሞቱን አንስተው ድምፁን ቀነሱት።

ማታ ሱቅ ስመለስ አለቃዬ «ኬብሉስ?» አለኝ። ከቦርሳዬ አውጥቼ ቦታው ላይ መልሼ ሰቀልኩት።