ቀዩ ቤዝ

ሜሪላንድ ውስጥ ያገለገሉ የሙዚቃ መሣሪያዎችን ገዝቶ በሚሸጥ ሱቅ ስሠራ ሰባተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ሥራዬ የመጣውን ዕቃ አይቶ ዋጋ መገመትና ከሻጩ ጋር መደራደር ነው። ሐበሻ ሲመጣ አስተርጓሚውም እኔው ነኝ። ከኛ ሰው ብዙ ጊዜ የሚመጣው ኪቦርድ ነው፤ የሰርግ ባንድ ሲበተን፣ ቸርች አዲስ ሲገዛ አሮጌው ወደ እኛ ይመጣል። ቤዝ ጊታር ይዞ የገባ ሐበሻ ግን እስከዚያ ቅዳሜ ድረስ አላየሁም ነበር።

አባባ ሰባ አምስት የሚሆናቸው፣ ኮፍያቸውን ከራሳቸው የማያወርዱ ሰው ናቸው። ሳጥኑን የተሸከመላቸው የልጅ ልጃቸው አማርኛው እንደ ነገሩ ነው። ልጁ ለአለቃዬ በእንግሊዝኛ «አያቴ በ1963 ነው የገዛው» ሲለው፣ አለቃዬ ሊጎነጨው የነበረውን ቡና መልሶ አስቀመጠ።

ቢያስቀምጥ አይፈረድበትም። የፌንደር ጊታር ፋብሪካ መሥራች ሊዮ ፌንደር ድርጅቱን ለብሮድካስት ኩባንያው ለሲቢኤስ በ13 ሚሊዮን ዶላር የሸጠው በፈረንጆቹ ጥር 1965 ነው። ከዚያ በፊት የተሠራ ፌንደር ከዚያ በኋላ ከተሠራው በገበያው ላይ ዋጋው የሰማይና የምድር ያህል ይበልጣል። እኔ ልዩነቱ ተጋኗል ባይ ነኝ፤ ሠራተኛውም እንጨቱም በአንድ ሌሊት አልተለወጠም። ግን ዋጋ የሚቆርጠው የኔ አስተያየት አይደለም።

ሳጥኑ ሲከፈት ቀይ ፌንደር ፕሪሲሽን ቤዝ ነው። አንገቱን ከገላው ጋር የሚያያዘው ብረት ላይ ግን ትልቅ የ«ኤፍ» ፊደል ተቀርጿል። ይህ ፊደል የመጣው ከሽያጩ በኋላ ስለሆነ 1963 የሚባል ነገር የለም። አለቃዬ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ሰውዬው ገና ያልተሠራ ጊታር ነው የገዛው?» አለኝ። የኛ 1963 በእነሱ 1970ና 71 እንደሆነ አስረዳሁት። አንገቱን ነቀነቀ፤ ነገር ግን የጥርጣሬዋ ጥላ ከፊቱ ሙሉ በሙሉ አልጠፋችም። እኔንም ሳትነካኝ አልቀረችም።

«አሥመራ ነው የገዛሁት» አሉኝ አባባ። «ቃኘው ጦር ሰፈር የነበረ አንድ አሜሪካዊ ወታደር አገሩ ሊመለስ ሲል ሸጠልኝ። ከዚያ አዲስ አበባ ገባሁበት። በደርግ ጊዜ ሰዓት እላፊ ስለነበር ሰው አንዴ ከገባ እስኪነጋ አይወጣም፤ እኛም እስኪነጋ እንጫወታለን። ክር ከየት ይመጣል ታዲያ? አሮጌውን ቀቅለን ነበር መልሰን የምንወጥረው።»

ይህን ያልሞከረ ሰው ይስቅ ይሆናል። ክሩ ሲቀቀል በጥምጥሙ መካከል የገባው የእጅ ቅባትና ላብ ይለቅና ድምፁ ለጥቂት ቀን ይመለሳል።

ወደ ምርመራው ገባሁ። ጠርዝ ጠርዙ ላይ ቀዩ ቀለም ተላልጧል፣ ጀርባውን ደግሞ የቀበቶ ዘለበት በልቶታል። ከቀዩ ሥር ሌላ ቀለም ይታያል፤ መሃሉ ቢጫ ሆኖ ወደ ዳር ዳሩ የሚጠቁረው፣ ሳንበርስት የሚሉት።

«አባባ፣ ይህን ማን ቀባው?»

«ማንም አልቀባውም። ስገዛው ቀይ ነበር።»

«ምናልባት ወታደሩ አስቀብቶት ይሆናል።»

«እንጃ ልጄ። እኔ የማውቀው ቀይ መሆኑን ነው።»

ሻጭ ሁሉ እንዲህ ይላል። አጎንብሼ ሳየው የመኪና ቀለም ነው፤ በዚህስ አልተሳሳትኩም። አሥመራ የአንዱ ባትላሜራ ቤት ሥራ መሆን አለበት ብዬ ደመደምኩ። ድጋሚ የተቀባ ጊታር ድምፁ ምንም ሳይሆን ዋጋው ወደ ግማሽ ይወርዳል፤ ሰብሳቢ የሚገዛው ከፋብሪካ የወጣበትን ቆዳ ነውና።

ካቻቢቴ አምጥቼ አራቱን ብሎን ፈታሁና አንገቱን አወጣሁት። ተረከዙ ላይ «5 ሜይ 66 ሲ» የሚል ማኅተም አለ። ብዙ ሰው ይህን ሜይ አምስት ብሎ ያነበዋል። አምስቱ ቀን ሳይሆን የሞዴሉ መለያ ነው፣ «ሲ»ዋ ደግሞ የአንገቱ ስፋት። የድምፅ መጠን ማስተካከያዎቹ ላይ ያለው ቁጥርም 66 ይላል፤ በሱ ብቻ ግን አይታመንም፤ ፋብሪካው በዚያ ዓመት ገዝቶ ያከማቸው ብዛት በ1969 ጊታሮች ውስጥ ሳይቀር ይገኛል። ማኅተሙ ሲገኝ ደስ አለኝ። ዓይኔ እዚያው ማኅተሙ ላይ ቀረ። ገላው በሌላው እጄ ላይ ነበር፣ አንገቱ የሚቀመጥበት ጎድጓዳ ቦታ ወደ ላይ ተከፍቶ። አላየሁትም።

በመረከቢያው ፎርም ላይ «ቀለም፦ ድጋሚ የተቀባ» ብዬ በእንግሊዝኛ ጻፍኩ። ሱቃችን ይሸጥበታል ተብሎ ከሚገመተው ግማሹን ወይም ትንሽ ከፍ አድርጎ ነው የሚከፍለው። 3,400 ዶላር አልኩ። አባባ አልተከራከሩም። ቼኩን አጣጥፈው ከኮታቸው ኪስ ከተቱት፣ ወፍራሙን ክር በአውራ ጣታቸው አንዴ መቱትና ወጡ።

ማክሰኞ ቴክኒሻናችን ጠራኝ። ቤዙን ፈታትቶ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶታል። ጎድጓዳውን በእጅ ባትሪ እያበራ «ይህን አይተኸዋል?» አለኝ። መሃሉ ላይ ቀለም ያልነካው ቀጭን ሰንበር አለ።

ፌንደር በእነዚያ ዓመታት ገላውን ሲቀባ እጀታ የሚሆን ዱላ እዚያ ጎድጓዳ ውስጥ በብሎን ያስር ነበር። ቀለሙ ሲደርቅ ዱላው ይነሳል፣ ከሥሩ የነበረው እንጨት እርቃኑን ይቀራል። ጋራዥ ውስጥ ድጋሚ የቀባ ሰው ቢኖር ቀዩ ሰንበሩን ይሸፍነው ነበር። እዚህ ግን ሳንበርስቱም ቀዩም ያቆሙት እዚያው አንድ መስመር ላይ ነው። ሁለቱም የተቀቡት ያ ዱላ ሳይነሳ ነው፤ በሌላ አነጋገር ፋብሪካው ውስጥ። ሳንበርስቱ እንከን የወጣበትን ገላ ሌላ ቀለም ደርበው መላክ እንግዳ ነገር አልነበረም።

«ግን እኮ የመኪና ቀለም ነው» አልኩት።

ሳቀ። «ሁሉም የመኪና ቀለም ነው!» ፌንደር ተጨማሪ 5 በመቶ እያስከፈለ የሚቀባቸው ልዩ ቀለሞች ዱፖንት ለመኪና ፋብሪካዎች የሚያቀርባቸው ነበሩ። ይህኛው ቀይ በ1956 ፎርድ ተንደርበርድ ላይ የነበረ ነው። ያየሁት ልክ ነበር። ካየሁት ተነስቼ የሄድኩበት መንገድ ነው ገደል የከተተኝ።

በ3,400 የገዛነው ቤዝ ከ12,000 በላይ ሊያወጣ ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሱቁ ውስጥ እልል ይባል ነበር። እኔ ግን ሆዴ ውስጥ የሆነ ነገር ተገለባበጠ፤ ሰውዬው ነግረውኛል፣ በራሴ ቋንቋ፣ ሁለት ጊዜ።

አለቃዬ መጀመሪያ አልሰማኝም። «ስንከስር ማን ይመልስልናል?» አለ። እውነቱን ነው፤ አምና ፎርጅድ ምልክት የተለጠፈበት ቤዝ ገዝተን ማንም አልመለሰልንም። «ያ ሰው ዋሽቶን ነው፤ እኚህ ግን እውነቱን ነግረውን እኔ ነኝ ያላመንኳቸው» አልኩት። ዝም ብሎ ቆየና ቼኩ ካልተመነዘረ ሽያጩን ሰርዘን በኮሚሽን እንያዘው፣ 20 በመቶ ለእኛ አለ። እኔ ከእሱ ይህን አልጠበቅሁም ነበር፤ ደግነት ይሁን በሰፈሩ ያሉት ሐበሾች ወሬ አስግቶት እስከ ዛሬ አልገባኝም።

አባባ ጋ ስደውል እጄ ያልበው ጀመር። ሰንበሩን፣ ዱላውን፣ ዱፖንትን ሁሉ ዘበዘብኩላቸው። ስለ ገንዘቡ ገና ሳልደርስ አቋረጡኝ።

«ታዲያ ቀይ ነው አላልኩህም?»

«ብለውኛል አባባ። ይቅርታ።»

«ኮምፒውተር የተማርክ ልጅ ስለሆንክ ታውቃለህ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

ቼኩ ኮታቸው ኪስ ውስጥ እንደተጣጠፈ ነበር። ቅዳሜ ይዘውት መጡ። አለቃዬ አዲስ ፎርም ሊያወጣ ወደ ኮምፒውተሩ ሲዞር አባባ አሮጌውን ከጠረጴዛው ላይ አነሱና መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት። «ይቺ ምንድን ናት የምትለው?» አሉኝ፣ እኔ በጻፍኩት ላይ ጣታቸውን አድርገው። ነገርኳቸው። እስክሪብቶ ለመኑኝ፣ ቃሉን በሁለት መስመር ሰረዙት፣ ከጎኑ በአማርኛ አንዲት ቃል ጻፉ።

አለቃዬ ዞሮ አየና «ምን ይላል?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ቀይ» አልኩት።